አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል የሚያጓራው ሞተሩ ነው ወይስ የጎማው ጉድጓድ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ 19 ደርሷል፣ ዘግይታችሁ የገባችሁ ሰዎች ከላይ ጀምሮ ማንበብ ሰለቸን ስላላችሁኝ የተባለውን በተራ ቁጥሩ በራሴ አፍ ልንገራችሁ። ነገሩ ልቤን ስለያዘው ነው እንጂ ሌላ ጉዳይ የለኝም።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይሄን ነበር። የእናቴ ቤት ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ነው፣ ነፋሱ ሲያስገድደው አውሮፕላኑ በኛ በኩል ዞሮ ነው የሚገባው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር አለ፣ ከሩቅ ሲመጣ ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፣ ከዛ ሆዱ ተከፍቶ ጎማው ወረድ ሲል ሌላ ድምፅ ይጨመርበታል፣ ደረት ላይ የሚሰማ እምምም የሚል ማጓራት። ሰው ሁሉ ሞተሩ ነው ይላል። እኔ ደሞ አይደለም፣ ጎማው ወጥቶ ባዶ የቀረው ጉድጓድ ነው የሚያጓራው፣ ሞተሩማ እንዲያውም ለማረፍ ቀዝቀዝ ብሏል ብዬ ጻፍኩ። ልክ ነኝ ወይ፣ ልክ ከሆንኩስ ባዶ ጉድጓድ እንዴት ድምፅ ያወጣል ብዬ ጠየቅኩ።

1ኛው መልስ የመጣው በአስር ደቂቃ ውስጥ ነው። ትሁት ሰው ነው፣ እናቴን ጤና ይስጥልኝ ብሎ ጀመረና ጎማውን ብቻ አትክሰስ አለኝ። ለማረፍ ሲዘጋጁ ከክንፉ ኋላ ፍላፕ የሚባል ተንቀሳቃሽ ሳንቃ ይወርዳል፣ ከፊት ደሞ ስላት የሚባለው ይወጣል፣ ነፋሱ በነሱ ጠርዝ ላይ ተቀዶ ሲያልፍ እነሱም ይጮሃሉ አለ። ይሄ እውነት ነው፣ እኔ ረስቼው ነበር።

2ኛው ሞተሩን ነፃ አላወጣውም። ጎማና ፍላፕ ሲወጣ አየሩ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ፓይለቱ ፍጥነቱ እንዳይወድቅበት ጋዝ ይጨምራል፣ አንተ ጎማው ነው ያልከው ሞተሩ ነው አለኝ። ነገሩ ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስለሚሆኑ መሬት ላይ ያለ ሰው ጆሮ ቢደባልቀው አይፈረድበትም።

3ኛው የጻፈው ከደብረ ማርቆስ ነው፣ ለኔ ከክሩ ሁሉ የሚጣፍጠው ይሄ ነው። ወንድምዓለም ብሎ ጀመረ። እረኛ ሆኖ ነው ያደገው፣ ዋሽንት ይነፋ ነበር። ዋሽንት ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ነገር የለም አለ፣ ሸምበቆ ነው፣ ባዶ ነው፣ ድምፁን የሚያወጣው ትንፋሽህ ከአፉ ጠርዝ ላይ ሲሰነጠቅ ነው፣ ትንፋሹን ትንሽ ዘወር ካደረግከው ዝም ይላል። ከዛ ወንዝ ዳር የተቀመጠ ባዶ እንስራ አነሳ፣ ነፋስ ባፉ ላይ አግድም ሲያልፍ ሁሁሁ የሚለውን፣ ልጅ ሆነው ጋኔን አለበት እየተባሉ ይሸሹት እንደነበር ጻፈ። እንስራው ግማሽ ድረስ ውሃ ካለው ድምፁ ይቀጥናል፣ ባዶ ከሆነ ይወፍራል። አውሮፕላንህ ትልቅ እንስራ ነው ብሎ ጨረሰ። ይሄን ሳነብ ጥያቄዬ የተመለሰ መስሎኝ ነበር።

4ኛው ግን መምህር ናቸው፣ መካኒካል የሚያስተምሩ፣ ረጅም ነው የጻፉት፣ እኔ ሦስቴ ነው ያነበብኩት። የ3ኛውን ሰው በጣም አመሰገኑትና በግማሽ አረሙት። እንስራው ላይ ውስጥ የታጨቀው አየር እንደ ስፕሪንግ ሆኖ ነው የሚነጥረው፣ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ። የጎማ ጉድጓድ ግን አንገት የለውም፣ አፉ እንደ ሆዱ ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ሥራው ይለያል አሉ። እንዲህ ነው ያስረዱት፣ አየሩ የአውሮፕላኑን ሆድ ተለጥፎ እየሮጠ ይመጣና የጉድጓዱ ፊተኛ ከንፈር ላይ ሲደርስ ድንገት የሚለጠፍበት ያጣል። እዛ ጋ ሁለት አየር ጎን ለጎን ይሆናል፣ ውጪ ያለው ይሮጣል፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ቆሟል። በመሃላቸው ያለችው ስስ ሽፋን ትንቀጠቀጥና እየተጠቀለለች አዙሪት ትሆናለች፣ ዓባይ ከድንጋይ ኋላ እንደሚሠራው ዓይነት አዙሪት። አዙሪቷ ከውጪው ነፋስ ከግማሽ ትንሽ በሚበልጥ ፍጥነት ትሄድና የኋለኛውን ከንፈር ትመታለች። እዛ ስትፈነዳ የግፊት ምት ይወጣል፣ ያ ምት በድምፅ ፍጥነት በጉድጓዱ ውስጥ ወደ ፊት ተመልሶ ፊተኛውን ከንፈር ይነካና ሌላ አዙሪት ያስወልዳል። ያቺም ሄዳ ትመታለች፣ እንደገና ይመለሳል። ይሄ መመላለስ ሰዓቱ ሲገጥምለት ነው ጉድጓዱ የሚዘፍነው። ይሄንን በቀመር ያስቀመጠው ሮሲተር የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ፋርንቦሮ በሚባለው የእንግሊዝ የአውሮፕላን ምርምር ቦታ፣ እሱ ሲያጠና የነበረው ግን የመንገደኛ አውሮፕላን ጎማ ሳይሆን የጦር አውሮፕላን ቦምብ የሚጭንበትን ዓይነት ክፍት ሆድ ነው።

5ኛው ሰው አጭር ነው፣ ወሬ በቃን ቁጥር አምጡ አለ። ንግግሩ ትንሽ ሻካራ ነበር ግን ጥያቄው ልክ ነው።

6ኛው መልስ የዛው መምህር ነው፣ ሳይቆጡ ቁጥሩን ሠሩለት። ጉድጓዱ 2 ሜትር ይርዘም፣ አውሮፕላኑ በሴኮንድ 70 ሜትር ማለትም በሰዓት 250 ኪሎሜትር ገደማ ይብረር። የመጀመሪያው ቃና 13 ሄርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 13 ርግብግቢት አካባቢ ይወጣል፣ ይሄ የሰው ጆሮ ከሚጀምርበት ከ20 በታች ስለሆነ አይሰማም፣ ቢበዛ መስኮት ያንቀጠቅጣል። ሁለተኛው 31 ሄርዝ ነው፣ እሱ ነው ደረት ላይ የሚሰማ የሚባለው። ጉድጓዱ ግን 4 ሳንቲሜትር ብቻ ቢሆን ከ600 ሄርዝ በላይ ይሄዳል፣ ያ ፉጨት ነው። ስለዚህ ትልቅ ጉድጓድ ያጓራል፣ ትንሽ ቀዳዳ ያፏጫል። ከዛ ለኔ አንድ ነገር ጨመሩልኝ፣ ትንሽ የሚቆረቁር ነው፣ የአብዛኛው አውሮፕላን ትልቁ የጎማ ድምፅ ከጉድጓዱ ሳይሆን ከራሱ ከብረቱ ነው የሚመጣው አሉ። እግሩ፣ መጋጠሚያው፣ የፍሬን ቱቦው፣ ነፋስ ውስጥ የቆመ ነገር ሁሉ ከኋላው የተበጣጠሰ አየር ይተዋል፣ ያ ደሞ አንድ ቃና የለውም፣ ሽሽሽ የሚል ድብልቅ ነው። ጉድጓዱ ከሥር ወፍራሙን ይጨምርበታል። እንግዲህ ግማሽ ልክ ነበርኩ ማለት ነው።

7ኛው ከደጀን ነው። ሚኒባስ ላይ አንድ መስኮት ብቻ ሲከፈት ጆሮህን ውብ ውብ ውብ የሚያደርገው ያው ነገር ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። የዓባይ በረሃን ወጥቶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ሹፌሩ ሲለቀው ሁልጊዜ ራሱን ያመዋል፣ ሌላ ሰው ተቃራኒውን መስኮት ትንሽ ሲከፍት ወዲያው ይቆማል። መምህሩ ሥሩ መልሰው አዎ፣ አዙሪቷ ያቺው ናት፣ መኪናው ግን ወደ እንስራው ይቀርባል አሉት፣ በሁለተኛው መስኮት አየሩ መተንፈሻ ስለሚያገኝ መመላለሱ ይሰበራል። ይሄን እኔ ራሴ ባለፈው ወደ አዲስ ስሄድ ሞከርኩት፣ ሠራ።

8ኛው ላይ ክሩ ተበላሸ። ስንት ችግር ባለበት አገር ስለ አውሮፕላን ሆድ ቀዳዳ ታወራላችሁ፣ ሥራ ፈቶች አለ። ሌላም ያለው አለ፣ አልደግመውም።

9ኛዋ ነርስ ናት፣ ልክ ልኩን ነገረችው። የሌሊት ተረኛ ሆና ስትሠራ አድራ ቀን ነው የምትተኛው፣ ቤቷ አውሮፕላን የሚገባበት መስመር ላይ ነው፣ እንቅልፍ ላጣ ሰው ይሄ ወሬ ሥራ መፍታት አይደለም አለችው። በድምፅ ምክንያት የሚቆራረጥ እንቅልፍ የደም ግፊትና የልብ ነገር እንደሚያመጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ የአውሮፕላን ድምፅን ከትራፊክና ከባቡር ለይቶ ገደብ እንዳወጣለት ጻፈች። አንተ ካልፈለግክ አታንብብ ብላ ጨረሰች። እኔ እንደሷ መናገር አልችልም፣ ግን እያንዳንዱ ቃሏ የኔም ነው። 10ኛው መልስ የኔ ነበር፣ እባካችሁ በጨዋ ደንብ እንነጋገር ብዬ የለመንኩበት።

11ኛው እኔን ነው የያዘኝ፣ ጠንከር ባለ ቋንቋ። የትኛው አውሮፕላን እንደሆነ እንኳን ሳትለይ ነው የከሰስከው አለኝ። ባሕር ዳር የሚመጣው አንዱ ኪው400 ነው፣ ፕሮፔለር ያለው፣ አንዱ ደሞ ቦይንግ 737፣ ጄት። ኪው400 ፕሮፔለሩ ስድስት ላባ አለው፣ ሙሉ ፍጥነቱ በደቂቃ 1020 ዙር ነው፣ በሴኮንድ 17 ዙር፣ በስድስት ስታባዛው 102 ሄርዝ። መንገድ ላይ ሲሆን ወደ 850 ዙር ይወርዳል፣ ያ 85 ሄርዝ ነው። ለማረፍ ሲዘጋጅ ወደ ላይ ከፍ ሲያደርጉት አንተ ጎማው አጓራ ትላለህ፣ ፕሮፔለሩ ነው እኮ አለኝ። ተናደድኩ መጀመሪያ፣ ኋላ ሳስበው ልክ ነው። ስለ 737 ግን ራሱ ሰውዬው ለኔ ሚዛን የሚያነሳ ነገር ጻፈ። 737 ለዋናው ጎማ ሙሉ በር የለውም። ጎማው ሲገባ የራሱ የጎን ፊት ነው የጉድጓዱ ክዳን የሚሆነው፣ ከሥር ሆናችሁ ስታዩት ሲበር ሁለት ጥቁር ክብ የሚታየው ለዛ ነው። ሌሎች ብዙ አውሮፕላኖች ጎማውን አውጥተው በሩን መልሰው ይዘጋሉ፣ 737 ግን ጎማው ከወጣ ጉድጓዱ እስኪያርፍ ድረስ ክፍት ነው። ስለዚህ የጉድጓድ ነገር ከሆነ የምታወራው እሱን ጠብቅ አለኝ።

12ኛው አንድ ብልህ የሆነ ልጅ ነው፣ ተማሪ ይመስለኛል። የኛ አገር ከፍታ ላይ ስለሆነ ድምፁ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ይበልጣል አለ። የባሕር ዳር ኤርፖርት ወደ 1800 ሜትር ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ አውሮፕላኑ ክንፉ እንዲይዝለት ከታች አገር ይልቅ በመቶ 9 ገደማ ፈጥኖ ነው የሚያርፈው፣ የጎማ ድምፅ ደሞ በፍጥነቱ ስድስተኛ ፓወር ነው የሚያድገው፣ ፍጥነቱን ስድስት ቦታ ጽፎ እንደማባዛት፣ ስለዚህ በድምፅ መለኪያው ከሁለት ዴሲቤል በላይ ይጨምራል ብሎ ሠራው። ብዙ ሰው ጎበዝ አለው።

13ኛው መምህሩ ናቸው፣ ጎበዝ አሉት እሳቸውም፣ ግን አንድ ነገር ረሳህ አሉት። አየሩ ስስ ሲሆን የሚጮኸው ነገርም ይሳሳል። ፈጠነ ብለህ የጨመርከውን ከመሳሳቱ ስትቀንሰው የሚተርፍህ አንድ ዴሲቤል እንኳን አይሞላም፣ እሱን ደሞ ጆሮ አይለየውም። የስድስተኛ ፓወሩን ነገር ግን አጸደቁለት፣ ከርል የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳየው ነው፣ ከሱ በፊት ላይትሂል የሚባል ሌላ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1952 ከጄት ሞተር የሚወጣ አየር በስምንተኛ ፓወር እንደሚያድግ አሳይቶ ነበር። ይሄ ማለት ምን መሰላችሁ፣ ፓይለቱ ጎማው ወጥቶ ፍጥነቱን አንድ አሥረኛ ብቻ ቢቀንስ የጎማው የድምፅ ጉልበት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ወይም ጎማውን ትንሽ ቆይቶ ቢያወጣው። ያለምንም አዲስ ዕቃ እኮ ነው። ልጁ ደሞ አልተከፋም፣ አመሰግናለሁ ጋሼ ብሎ ተቀበለ፣ እንደዚህ ዓይነት መተራረም ሳይ ደስ ይለኛል።

14ኛው ከውጪ አገር የሚጽፍ የሞጣ ሰው ነው። እሱ ያለበት ከተማ ኤርባስ 320 ሲመጣ ከሩቅ የሚያፏጭ ነገር ነበረው አለ፣ ጎማው ሳይወጣም ጭምር። ምክንያቱ ከክንፉ ሥር ያሉ ክብ የነዳጅ ታንክ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ናቸው፣ ነፋስ ባፋቸው ላይ ሲያልፍ እንደ ጠርሙስ ያፏጫሉ። መፍትሔው ከቀዳዳው ፊት የምትለጠፍ ትንሽ ብረት ናት፣ አየሩን እያሽከረከረች የምታሳልፍ፣ የጀርመኑ አየር መንገድ ሉፍታንዛ እ.ኤ.አ. በ2014 መግጠም ጀመረ። የ3ኛው ሰው ተመልሶ መጣና አያችሁ አለ፣ ትንፋሹን ዘወር ካደረግከው ዋሽንቱ ዝም ይላል አላልኳችሁም ወይ። እኔ ደሞ እዚህ ጋ ነው ነገሩ ልቤ ውስጥ የገባው። አንድ መዳፍ የማትሞላ ብረት።

15ኛው የአሜሪካኖቹን አመጣ። ናሳ ገልፍስትሪም የሚባል ትንሽ ጄት ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን ተናገረ። ከጎማ ጉድጓዱ ፊተኛ ከንፈር ጋ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረ ነገር አደረጉ፣ አዙሪቷ ተስተካክላ እንዳትጠቀለል፣ የኋለኛው ግድግዳ ላይ ድምፅ የሚመጥ ስፖንጅ ለጠፉ፣ አፉ ላይ መረብ ዘረጉ፣ የጎማውን እግር ደሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ክዳን ሸፈኑት፣ ፍላፑንም ክፍተት በሌለው በሚታጠፍ ዓይነት ቀየሩት። ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ ከአውሮፕላኑ አካል የሚወጣውን ድምፅ ከ70 በመቶ በላይ ቀነሰው። ከሱ በፊት ቦይንግም እ.ኤ.አ. በ2005 ትልቁ 777 ላይ የጎማውን እግር ሸፍኖ ሞክሮ ነበር። ታዲያ ለምን ሁሉም አይገጥመውም፣ ስግብግብነት ነው ብሎ ኩባንያዎቹን ሁሉ ሰደበ።

16ኛው መካኒክ ነው፣ አውሮፕላን ጥገና ላይ የሚሠራ፣ በቁጣ ነው የገባው። ከሥሩ ገብተህ አይተህ ታውቃለህ ወይ አለው። ያ ጉድጓድ ባዶ አይደለም፣ የሀይድሮሊክ ቱቦ፣ ገመድ፣ ቫልቭ የታጨቀበት ነው፣ እኛ በየጊዜው በባትሪ እያየን ፍሳሽ አለ የለም የምንለው እዛ ነው። ስፖንጅ ብትለጥፍበት የፈሰሰውን ዘይት ይጠጣዋል፣ ከዛ የጋለ ፍሬን የያዘ ጎማ እላዩ ላይ ታጥፎ ይገባል፣ ውጤቱን አንተው አስበው። ሌላው ደሞ ጎማውን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሰው ሀይድሮሊክ ቢሞት ጎማው በራሱ ክብደት ወድቆ እንዲቆለፍ ነው የተሠራው፣ ፓይለቱ መቆለፊያውን ይስበዋል፣ ጎማው ይወድቃል፣ አለቀ። እዛ መንገድ ላይ መረብም ሆነ ክዳን ብታደርግ ምንም ቢፈጠር ጎማውን እንደማይዘው ማረጋገጥ አለብህ፣ ጭቃ ላይ፣ በረዶ ላይ፣ ወፍ ሲመታው። ለዛ ነው የሚዘገየው አለ። ንግግሩ ሰው ያስደነግጥ ነበር ግን እኔ ከዚህ ክር በጣም የተማርኩት ከሱ ነው፣ 15ኛውም በኋላ ይቅርታ ጠየቀ።

ከዛ ወሬው ሌላ ቦታ ሄደ። 17ኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ልጃቸው ነው የሚጽፍላቸው። በንጉሡ ጊዜ ዳኮታ የሚባለው አውሮፕላን ሜዳ ላይ ሲያርፍ ከብት እያባረሩ ያስለቅቁ እንደነበር አወሩ፣ ያን ጊዜ ጎማው ቢጮህ ማን ይሰማዋል፣ ሞተሩ ጆሮ አይሰጥም ነበር አሉ። ጎማው ሲታጠፍ ራሱ ግማሹ ውጪ ነበር የሚቀረው። ከዚህ ተነስተው ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ሳሩ፣ ስለ አንድ ቀይ ወይፈን ብዙ ጻፉ፣ አንዳንዱ ከርዕስ ወጡ አለ፣ እኔ ግን አልወጡም እላለሁ። የጎማ ድምፅ አዲስ ነገር አይደለም፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ሰፊ ፋን ያለው ሞተር መጥቶ ሞተሩ ዝም ሲል ነው ከሥሩ የነበረው የተሰማው። እሳቸው በሁለት መስመር የነገሩን ይሄን ነው።

18ኛው ያ 12ኛው ተማሪ ነው። በስልኩ ቀድቶ ድምፁን በሄርዝ በሚዘረዝር አፕ አየው። ጠዋት የመጣው ኪው400 ነበር፣ ሲመጣ 128 አካባቢ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ካለፈ በኋላ ወደ 85 ወረደ። መጀመሪያ ግራ ገብቶት ነበር፣ 102 መሆን አልነበረበትም ወይ ብሎ። 11ኛው ሰው ራሱ መለሰለት፣ ወዳንተ ሲመጣ ይቀጥናል ሲሄድ ይወፍራል፣ መሃሉ ላይ የሚያልፍበት ነው እውነተኛው። የአምቡላንስ ሳይረን እንደሚሆነው። የማታውን ጄት ሲቀዳ ግን እንደዛ ዓይነት መስመር የለም፣ ከታች የተንሰራፋ ጥቁር ደመና ነው የሚታየው፣ እሱም ከ60 በታች ወፍሮ። የስልክ ማይክ ወፍራም ድምፅ በደንብ ስለማይዝ 31ዱን ማየት እንደማይችል መምህሩ አስጠነቀቁት፣ ከዩኒቨርሲቲው ደህና ማይክ አስፈቅደው ሊያመጡለት ተስማሙ።

19ኛው የኔ ነው፣ ትናንት የጻፍኩት። እናቴን ሄጄ ጠየቅኳት፣ ስለ ሄርዝም ስለ ሮሲተርም ምንም ሳልነግራት፣ እማዬ የጠዋቱና የማታው አውሮፕላን ድምፃቸው አንድ ነው ወይ አልኳት። ምን ነካህ አለችኝ። የጠዋቱ እንደ ወፍጮ ነው፣ ከሩቅ ጀምሮ እስኪሄድ አንድ ዓይነት ነው። የማታው ደሞ ጸጥ ብሎ ይመጣና ከባሕር ዛፉ በላይ ሲደርስ እንደ እምቢልታ ነው የሚሆነው አለች። የትኛው ባሕር ዛፍ አልኳት፣ ወጥታ አሳየችኝ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ነው። ማታ እዛው ቆሜ ጠበቅኩ። አውሮፕላኑ ከዛፉ በላይ ሲደርስ ሁለቱ ጎማዎች ወረዱ፣ ድምፁ ወደኔ እስኪደርስ ሁለት ሴኮንድ ምናምን ቆየ፣ ከዛ መጣ።

ተማሪው ቅዳሜ ማይኩን ይዞ ይመጣል። መካኒኩም ከተመቸው እመጣለሁ ብሏል፣ በሩ የሌለው 737 መሆኑን ከሥር በዓይኑ አይቶ እንዲነግረን። የምትፈልጉ ከ11 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከዛ በኋላ መንገዱ ይጨናነቃል።